የጋራ ቤት ኪራይን በርትዕ ስለ መካፈል



በዚህ ጉባኤ እንድናገርበት የተሰጠኝ አርእስት በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከተሞች የሚኖረውን ወገናችንን በየወሩ የሚገጥመው ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሁለት ቤተሰቦች አንድ ቤት ተጋርተው ሲኖሩ ኪራዩን በምን ሚዛን ቢካፈሉት ፍትሕ ይሆናል የሚለው ጥያቄ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከገቢው ከ30 በመቶ በላይ ለመኖሪያ የሚያወጣውን ቤተሰብ የቤት ወጪ የከበደበት፣ ከ50 በመቶ በላይ የሚያወጣውን ደግሞ እጅግ የከበደበት ብሎ ይቈጥረዋል። በዚህ ሚዛን ብንመዘን ከመካከላችን ስንቱ ሸክም እንደ ከበደበት እያንዳንዱ በየቤቱ ያውቀዋል፤ ስለዚህም አዲስ የመጣ ቤተሰብ ከቀደመው ዘመዱ ወይም ከአገሩ ልጅ ጋር ቤት መጋራቱ የችግር ውጤት ብቻ ሳይሆን የማስተዋልም ሥራ ነው።

ነገር ግን በፍቅር የተጀመረው የጋራ ኑሮ በቂም የሚፈርስበትን ምክንያት ስንመረምር፣ ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ ይሉኝታችን ጎልቶ ይታያል። ቤቱን በሚይዙበት ቀን «በእኛ መካከል ምን ሒሳብ አለ» ይባላል፤ ሰፊውን ክፍል የያዘው ዝም ይላል፣ ጠባቡ የደረሰውም መናገር ያፍራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በመግቢያው ቀን ያልተነገረው ቅሬታ በመብራት፣ በውሃና በማብሰያ ተራ እየተመካኘ ይወጣል፤ በመጨረሻም ሽማግሌ ይጠራል። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህ ነው። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ፍቅርን የሚጠብቀው ሒሳብን መሸሽ ሳይሆን፣ ቁልፉን ከመረከብ በፊት ሒሳቡን በግልጽ ተነጋግሮ በጽሑፍ ማኖር ነው።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚይዟቸው ሚዛኖች ሦስት ናቸው። አንደኛው በቤተሰብ እኩል መካፈል ነው፤ ይህ ቀላል ቢሆንም ሁለት ነፍስ ያለበትን ቤተሰብ ከአምስት ነፍስ ጋር፣ ሰፊውን ክፍል ከጠባቡ ጋር ያስተካክላል። ሁለተኛው በራስ ቍጥር መካፈል ነው፤ ይህም የራሱ ክፍል የሌለውን ሕፃን እንደ አዋቂ ሠራተኛ ያስከፍለዋል። ሦስተኛው በክፍል ስፋት መካፈል ነው፤ ይህ ደግሞ ሁሉም በጋራ የሚገለገልበትን ሳሎንና ወጥ ቤት ይዘነጋል። እያንዳንዱ ሚዛን ከፊል እውነት ስላለው፣ ርትዕ የሚገኘው ሦስቱን በየቦታቸው በማዋል ነው።

ይህን በቍጥር እንመልከተው። ኪራዩ በወር 3,000 ዶላር፣ መኝታ ክፍሎቹ ሦስት የሆነ ቤት አለ እንበል፤ የክፍሎቹም ስፋት 200፣ 160 እና 140 ስኩዌር ፊት ነው። ባልና ሚስት ከሁለት ትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ሁለቱን ጠባብ ክፍሎች ይይዛሉ፤ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ሰፊውን ይይዛሉ። በቤተሰብ እኩል ቢካፈሉ እያንዳንዱ ወገን 1,500 ዶላር ይከፍላል፤ በራስ ቍጥር ቢካፈሉ ባለልጆቹ 2,000፣ ሁለተኞቹ 1,000 ይደርስባቸዋል። ከዚህ የተሻለው መንገድ ኪራዩን አስቀድሞ በሁለት ከፍሎ ግማሹን ለመኝታ ክፍሎቹ፣ ግማሹን ለጋራው ስፍራ መመደብ ነው። ለመኝታ የተመደበው 1,500 ዶላር በ500 ስኩዌር ፊት ሲደለደል ለአንዱ ስኩዌር ፊት 3 ዶላር ስለሚወጣ፣ ባለልጆቹ 900፣ ሁለተኞቹ 600 ዶላር ይሆንባቸዋል። የጋራው 1,500 ዶላር ደግሞ በሰው ቍጥር ይደለደላል፤ ሁለት ሕፃናት እንደ አንድ አዋቂ ቢቈጠሩ ባለልጆቹ ሦስት እጅ፣ ሁለተኞቹ ሁለት እጅ፣ ማለት 900 እና 600 ዶላር ይደርስባቸዋል። ድምሩ 1,800 እና 1,200 ዶላር ነው። ውሃና መብራት በሰው ቍጥር፣ ኢንተርኔት በቤተሰብ እኩል ቢከፈል ደግሞ ይህንኑ ሥርዓት የተከተለ ይሆናል።

ሆኖም ስፋት ብቻውን የክፍልን ዋጋ አይናገርም። የራሱ መታጠቢያ ያለው፣ ፀሐይ የሚገባበት፣ ከመንገድ ጩኸት የራቀ ክፍል ከስፋቱ በላይ ዋጋ አለው፤ የመኪና ማቆሚያ ስፍራም እንዲሁ። በቤዝመንት ያለ ክፍል ሊረክስ ይገባዋል፤ ነገር ግን እሳት ቢነሣ ሰው የሚያመልጥበት መስኮት ወይም በር ከሌለው፣ የግንባታ ሕግ የሚከለክለው ነውና በምንም ዋጋ ቢሆን ቤተሰብ ሊተኛበት አይገባም።

በእነዚህ ነገሮች ተመን ላይ መስማማት ሲያቅት አንድ ጥንታዊ ሥርዓት አለ፤ አንዱ ወገን ዋጋውን ይተምናል፣ ሌላው ወገን ይመርጣል። የሚተምነው ሰው የትኛው ክፍል እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ሁለቱንም በቅን ኅሊና ለመመዘን ይገደዳል፤ የመረጠውም በምርጫው ማጕረምረም አይችልም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 13 እንደምናነበው፣ ምድሪቱ ለአብርሃምና ለሎጥ መንጋ አልበቃ ብላ እረኞቻቸው በተጣሉ ጊዜ፣ አብርሃም ታላቅ ሳለ የምርጫውን መብት ለታናሹ ለሎጥ ሰጥቶ ጠቡን በሰላም ፈጽሞታል። በዘመናችንም ፍራንሲስ ሱ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጥናት፣ ጥቂት ተገቢ ሁኔታዎች ከተሟሉ፣ ቤት ተጋሪዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ክፍል ከሌላው አስበልጠው የሚመርጡበት የኪራይ ድልድል ምን ጊዜም እንደሚገኝ አረጋግጧል። ከዚህ የምንወስደው መፈተኛ ይህ ነው፤ «በዚህ ዋጋ ክፍልህን በክፍሌ ትለውጣለህን?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁለቱም ወገን «አልለውጥም» ካለ ድልድሉ ርቱዕ ነው።

ገቢያቸው የተራራቀ ወንድማማቾች በገቢ መጠን ቢካፈሉስ? ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከኪራዩ ሒሳብ ጋር አይደባለቅ። የድልድሉ ዋጋ በመጀመሪያ ይታወቅ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለሌለው ከፈቃዱ የሚሸፍነው ገንዘብ እርዳታ መሆኑ፣ እስከ መቼም እንደሚቆይ በስሙ ይጠራ። እንዲህ ሲሆን ተቀባዩ ባለዕዳ አይባልም፤ ሰጪውም ተበደልሁ ብሎ አይናገርም።

አሁን ወደ ሕጉ ልለፍ። በዚህ አገር በአንድ የኪራይ ውል አብረው የፈረሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ለጠቅላላው ኪራይ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ናቸው፤ ማለት አንደኛው ቤተሰብ ድርሻውን ባይከፍል አከራዩ ሙሉውን ከሌላው መጠየቅ ይችላል፤ በመካከላችሁ ያደረጋችሁት ድልድል አከራዩን አያስገድደውም። ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም አብረው ባለዕዳ የሆኑ ሰዎች፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በአንድነት ኃላፊዎች መሆናቸውን ይደነግጋል። በሌላ በኩል፣ ስሙ በውሉ ያልሰፈረው ቤተሰብ በአከራዩ ፊት ደካማ ይሆናል፤ ውሉም ያለ አከራዩ ፈቃድ ሌላ ሰው ማስገባትን የሚከለክል ከሆነ ሁለቱም ከቤቱ እንዲወጡ ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ አከራዩን በጽሑፍ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ለአከራዩ በመያዣነት የሚሰጠውን ዲፖዚትም አትርሱ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የዲፖዚቱን ከፍተኛ ልክ ከሁለት ወር ወደ አንድ ወር ኪራይ አውርዳለች፤ በዋሽንግተን ከተማም አንድ ወር፣ በቨርጂኒያ ሁለት ወር ነው። አከራዩ በሦስቱም ስፍራ በ45 ቀን ውስጥ ገንዘቡን መመለስ ወይም ስለሚያስቀረው በጽሑፍ ማስታወቅ ይገባዋል፤ ነገር ግን ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ቤቱ በሙሉ ሲለቀቅ ነው። እንግዲህ አንዱ ቤተሰብ ቀድሞ ቢወጣ ድርሻውን ማን እንደሚመልስለት፣ ስንት ቀን አስቀድሞ ማስታወቅ እንዳለበት፣ ጕዳት ቢገኝ ማን እንደሚከፍል ዛሬውኑ ይጻፍ።

ወገኖቼ፣ በዕቁባችንና በዕድራችን መዝገብ መያዝንና ጸሐፊ መሾምን እናውቅበታለን፤ ከሁሉ የሚበልጥ ገንዘብ የምናወጣበትን ቤት ግን በቃል ብቻ እንይዛለን። ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው፤ ቤት ልትጋሩ ያሰባችሁ ቁልፉን ከመረከባችሁ በፊት፣ ሳትጽፉ የምትኖሩትም ከሚመጣው ወር ኪራይ በፊት፣ ባልም ሚስትም በተገኙበት ተቀምጣችሁ የየድርሻችሁን ልክ፣ የሚከፈልበትን ቀንና የመውጫውን ሥርዓት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ ለየቤታችሁም አንዳንድ ቅጂ አኑሩ። የጻፋችሁትን ገጽ በአንድ ዓመት አንድ ጊዜ፣ ልጅ ሲወለድ ወይም ኪራይ ሲጨመር ደግሞ ወዲያውኑ፣ አብራችሁ መርምሩት።