የውስጥ መቀነት፦ ስለ ፒላቴስና ሰውነትን ስለ ማወቅ
(ለአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዎች፣ በልደታ፣ አዲስ አበባ የተደረገ ንግግር)



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ስለ ፒላቴስ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ይህ ነገር ለልደታ ምኑ ነው?» የሚል ነበር። ስሙን አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ከጂምናዚየም ማስታወቂያ ነው፤ አብሮት የሚታየውም ተንሸራታች መደብ ያለው ውድ መሣሪያ ነው። ወደ እኛ የሚመጡት ሕመምተኞች ግን እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ተሸካሚዎች፣ ልብስ አጣቢዎች፣ እንዲሁም ቀኑን ሙሉ ከወንበር የማይነሡ ሾፌሮችና የጽሕፈት ሠራተኞች ናቸው። ውሃ በተቋረጠ ቀን ጄሪካን አንጠልጥለው የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ የሚወጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ነገሩን ከማስታወቂያው ለይተን ብናየው የዕለት ሥራችንን የሚነካ ቁም ነገር እናገኝበታለን።

የዘዴው ፈጣሪ ዮሴፍ ፒላቴስ በ1883 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ተወለደ። በልጅነቱ ደካማና በሽተኛ እንደ ነበረ ይነገራል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በእንግሊዝ አገር ስለ ነበረ እንደ ጠላት አገር ዜጋ ተቈጥሮ ተያዘ፤ በማን ደሴት በነበረው የግዞት ሰፈርም አብረውት ለተያዙት የአካል እንቅስቃሴ ያስተምር ነበር። በዚያ ሳለ በሕሙማን አልጋ ላይ የብረት ሞላ አስሮ ተኝተው የቀሩትን ያሠራ ነበር የሚለው ትረካ፣ እውነት ቢሆንም ባይሆንም፣ ለሙያችን ደስ የሚል ትረካ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ ከክላራ ጋር የማሠልጠኛ ቤት ከፈተ፤ ጆርጅ ባላንሺንና ማርታ ግራሃምን የመሰሉ የዳንስ ሊቃውንትም ከደንበኞቹ ተቈጠሩ። በ1967 እ.ኤ.አ. አረፈ። እርሱ ራሱ ዘዴውን «ኮንትሮሎጂ» ይለው ነበር፤ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የዘረዘራቸው 34 እንቅስቃሴዎች ሁሉ ወለል ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ የሚሠሩ ናቸው። መሣሪያው ለዘዴው ግዴታ አለመሆኑን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አንድ ሰሌን ይበቃል።

ታዲያ ቁም ነገሩ ምንድን ነው? በ1906 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የሥርዓተ ነርቭ ሊቅ ቻርልስ ሼሪንግተን፣ ሰውነት የራሱን አቋምና እንቅስቃሴ የሚያውቅበትን ስሜት ለይቶ ስም ሰጠው። ዓይናችንን ጨፍነን እጃችን የት እንዳለ የምናውቀው በዚህ ስሜት ነው፤ መልእክቱም ከጡንቻ፣ ከጅማትና ከመገጣጠሚያ ይነሣል። ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ በ1996 እ.ኤ.አ.፣ በአውስትራሊያ ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን አንድ አስገራሚ ነገር አሳዩ። ጤነኛ ሰው ክንዱን ሊያነሣ ሲል፣ የክንዱ ጡንቻ ሳይንቀሳቀስ አስቀድሞ ሆድን ዙሪያውን የሚያቅፈው ጥልቅ ጡንቻ ይጠብቃል። ወገባቸውን በሚያማቸው ሰዎች ግን ይህ ጡንቻ ይዘገያል። ይህን ግኝት ተከትሎ «ሆድህን አጠንክር» የሚለው ምክር በዓለም ዙሪያ እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ፤ ነገር ግን የተዛባው ጊዜው ነበር እንጂ ጉልበቱ አልነበረም። ሆዱን ከጠዋት እስከ ማታ አጥብቆ የሚውል ሰው ትንፋሹን ከማፈን በቀር የሚያተርፈው የለም።

ይህን ለሕመምተኛ በምን ቃል እናስረዳ? በውጭ አገር መጻሕፍት ያለውን ትእዛዝ እንዳለ ወደ አማርኛ ብንመልሰው ሕመምተኛው ግራ ተጋብቶ ያየናል። እኔ «መቀነት» የሚለውን ቃል የመሰለ አላገኘሁም። የአገራችን ሴት ለከባድ ሥራ ስትነሣ ወገቧን በመቀነት ትታጠቃለች፤ አራስም ወገቧን ታስራለች። ስለዚህ «ከቆዳ በታች ሌላ መቀነት አለ፤ እርሱን በእጅ ሳይሆን በትንፋሽ ነው የምናጠብቀው» ሲባል ማብራሪያ የሚጠይቅ ሰው የለም። ምን ያህል ይጥበቅ? የሚለውም ጥያቄ በዚያው ይመለሳል፤ መቀነት ሲላላ ይወድቃል፣ ሲጠብቅም እህል አያስበላም።

አንዲት እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ እናት እዚሁ ልደታ ወደምሠራበት ክፍል መጡ። ወገባቸው ለወራት አሟቸዋል፤ ቀደም ሲል ከአንድ ቦታ ዕረፍት ታዞላቸው ነበር። «ልጄ፣ እኔ ተኝቼ ቤቴን ማን ያበላዋል?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ዕረፍት ደመወዝ ላለው ሰው መድኃኒት ነው፤ ለዕለት ሠራተኛ ግን ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ሰሌን ላይ በጀርባቸው ተኝተው ጉልበታቸውን አጠፉ፤ መዳፋቸውን ከወገባቸው ሥር አስገብተው አከርካሪያቸው ወደ መዳፉ ሲጠጋና ሲርቅ እንዲያዳምጡ ነገርኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልተሰማቸውም። በሦስተኛው ቀን «ለካስ በስተግራ በኩል አይነካኝም» አሉ። ከዚያ ትንፋሽን ወደ ጎድንና ጎድን መስደድን ተማሩ፤ አየር ሲያወጡም የውስጥ መቀነታቸው በቀስታ ሲጠብቅ ማወቅ ጀመሩ።

ዋናው ነገር የመጣው ወደ ሥራቸው ስንመለስ ነው። አክንባሎውን እንዴት እንደሚያነሡ በባዶ እጃቸው እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። አክንባሎውን ባነሡ ቍጥር ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር፤ በርጩማ ላይ እንደ ተቀመጡም ሊጡን ከጎን ካለው ባልዲ ለመጥለቅ ወገባቸውን ብቻ ይጠመዝዙ ነበር። ይህን ያገኙት እርሳቸው ናቸው፤ እኔ ብነግራቸው ኖሮ በማግስቱ ይረሱት ነበር። ባልዲው ወደ ፊት መጣ፤ አክንባሎው አየር እየወጣ መነሣት ጀመረ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሥራቸውን ሳያቋርጡ ይጋግራሉ፣ ሲብስባቸውም ምክንያቱን ያውቃሉ።

ከአንዲት እናት ታሪክ ተነሥተን ፒላቴስ ከሁሉ ይበልጣል ማለት ግን አይገባንም። በ2015 እ.ኤ.አ. የኮክሬን ድርጅት 10 ጥናቶችንና 510 ሰዎችን ያካተተ ምርመራ አውጥቷል። ፒላቴስ ለወገብ ሕመም እምብዛም ሕክምና ካለማግኘት እንደሚሻል አሳይቷል፤ ከሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚበልጥ ግን አላረጋገጠም። ይህ እኛን የሚያሳዝን ውጤት አይደለም፤ ውድ መሣሪያ መግዛት ላልቻለ ክፍል እንዲያውም መልካም ዜና ነው።

ደግሞስ ሰውነትን ማወቅ ከኒውዮርክ የመጣ ነገር ነውን? እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻውን ከደረቱ፣ ደረቱን ከወገቡ ለይቶ ሲያንቀሳቅስ ያየ፣ የፒላቴስ መምህራን «አንዱን ክፍል አጽንቶ ሌላውን ማንቀሳቀስ» የሚሉትን ከነምሳሌው አይቷል። በዚህችው ከተማ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የዳንስ መምህር ሮይስተን ማልዱም ከጎዳና ልጆች ጋር ከጀመረው ሥራ የአዱኛ የዳንስ ቡድን ተወለደ፤ ቡድኑም ከአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ጋር አብሮ እስከ መደነስ ደረሰ። ከዚያ ያደገው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ዘንድ ተማረ። እነዚህ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እኛ ግን የዳንስ መምህር ጠርተን አስተምረን ያልን ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ስግደትንም ሳላነሣ ባልፍ ጥያቄ ይቀርብልኛል። በሁዳዴ ጾም «በዚህ ወገቤ ልስገድ ወይስ ልተው?» የማይሉን አረጋውያን ጥቂቶች ናቸው፤ ሶላት የሚሰግዱትም እንዲሁ ይጠይቁናል። «ይተዉ» ማለት ቀላል ነው፤ የሚተዉም የሉም። ስግደት አከርካሪ ጉልላት በጉልላት የሚታጠፍበትና የሚዘረጋበት እንቅስቃሴ ነውና፣ አንድ ጉልበት አስቀድሞ፣ እጅ መሬት ነክቶ፣ ትንፋሽ ሳይታፈን እንዴት እንደሚወረድና እንደሚነሣ እዚያው ሰሌኑ ላይ ማለማመድ ይሻላል። ቍጥሩንና ቀኖናውን ለንስሐ አባታቸው እንተው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። መቀነት የሚለው ቃል በአማርኛ ሠርቷል፤ በኦሮምኛ፣ በጉራግኛ፣ በትግርኛ ለሚናገር ሕመምተኛ የሚስማማው ቃል የትኛው እንደ ሆነ የምታውቁ ጻፉልኝ። አሁን ወደ ማሳያው እንለፍ። ከአዳራሹ በስተኋላ ስምንት ሰሌን ተነጥፏል፤ ጫማችሁን አውልቁ፣ ቀበቶም ያጠበቃችሁ ፍቱ።