የሰውነታችን ዘብና ቀዩ አፈራችን
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ከእኔ የምትጠብቁት ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን የምናገረው ማዳበሪያውን ስለሚበትነው ሰው እግር ነው።

«በሽታን የመከላከል አቅም» የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የሰማነው ከኤች አይ ቪ ትምህርት ጋር ነው። ነገሩ ግን በሁላችንም ሰውነት ውስጥ ሌት ተቀን የቆመ ዘብ ነው። የመጀመሪያው አጥር ቆዳችን ነው። አጥሩ ሲሰነጠቅ ተህዋስያን ይገባሉ፤ ነጭ የደም ሴሎች ደርሰው እየዋጡ ያጠፏቸዋል። ቁስል ሲያብጥ፣ ሲቀላና ሲያተኩስ የምናየው ይህንኑ ትግል ነው። ከሴሎቹም አንዳንዶቹ ጠላታቸውን አይረሱም፤ በሁለተኛው ጊዜ ፈጥነው ይነሳሉ። ለአባ ሰንጋ የተከተበ በሬ የሚተርፈው በዚሁ ነው፤ የልጆቻችን የኩፍኝ ክትባትም ሥራው ያው ነው።

ይህ ዘብ ሊያጠፋው የማይችለው ነገር ሲገጥመውስ? በወላይታ የምናውቀው ዝሆኔ፣ በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ፣ እንዲህ ያለ በሽታ ነው። በሌላ አካባቢ በትንኝ ከሚተላለፍ ትል የሚመጣ ዝሆኔም አለ። የእኛው ግን ከአፈር ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር ይህንን አሳይተዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር በዓይን የማይታዩ ብናኞች አሉት። በባዶ እግር ቆዳ ገብተው ሲቀመጡ ነጭ ሴሎቹ ይውጧቸዋል፤ ድንጋይ ናቸውና ሊፈጯቸው አይችሉም። ሰውነት መቆጣቱን አያቆምም፤ ቁጣውም ፈሳሽ ከእግር የሚመልሰውን ቀጭን ቧንቧ ያጠብበዋል። እግሩ ያብጣል። ቧንቧው ሲዘጋ ዘቡም መንገድ ያጣል፤ በጣቶች መካከል ባለ ስንጥቅ የገባ ጀርም ትኩሳትና ሕመም ያመጣል፣ ሰውየውንም አልጋ ላይ ይጥለዋል።

ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ማሳ በባዶ እግር ሠርተው አንዱ ብቻ የሚታመመው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት ከወላይታ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አነጻጽሮ፣ ልዩነቱ ዘቡ ባዕድ ነገርን በሚለይበት ዘር ላይ እንደሚገኝ አመልክቷል። ስለዚህ በቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙ እርግማን አይደለም። በመጨባበጥም፣ በአንድ ገበታ በመብላትም አይተላለፍም። ይህን በተለይ የምናገረው በጋብቻና በዕድር ጊዜ ስለሚሆነው ነገር ነው፤ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ጉዳዩ የዩኒየኑም ነው። በዞናችን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የተደረገ ጥናት፣ አንድ ሕመምተኛ በዓመት ውስጥ ካለው የሥራ ቀን 45 በመቶውን እንደሚያጣ፣ ዞኑ በጠቅላላው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚያጣ አሳይቷል። ይህን ያህል ቀን ማሳው ሰው አጥቶ የቱ ዘር ነው የሚክሰን?

መከላከያው ቀላል ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ። እብጠቱ ለጀመረውም ዕለት ዕለት መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ እብጠቱን ይቀንሱለታል። ሶዶ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው፣ ሞሲ ፉት በሚል ስም የታወቀው ሥራ ይህን በተግባር አሳይቷል፤ ሕሙማኑ ራሳቸው ጫማ መሥራት ተምረውበታል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መሠረታዊ ማኅበራቱ ማዳበሪያ በሚያከፋፍሉበት መጋዘን፣ ጫማና ሳሙናም በተመሳሳይ የብድር ሥርዓት ለአባላት ይቅረቡ። የሕፃናት ቁጥር ጫማም አብሮ ይምጣ፤ ብናኙ የሚገባው ከልጅነት ጀምሮ ነውና። እግራቸውን አፍረው ከስብሰባ የቀሩ አባሎቻችንም አሉ፤ የሚቀጥለው ጥሪ ቤታቸው ድረስ ይሂድላቸው።