ድንጋዩን የሙጥኝ ያለች እንቁራሪት

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ እንቁራሪት ነው። ኩሬ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኹትን ለሌላ ቀን እናቆያቸውና፣ ተራራ ለተራራ የሚንደረደር ውሃ ውስጥ ቤታቸውን ስለሠሩት እንጨዋወት።

ደብረ ታቦርን የሚያውቅ ሰው የጉናን ተራራ ያውቃል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከጉና የሚነሡት ምንጮች የርብንና የጉማራን ወንዞች እየሞሉ ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳሉ፤ ማረፊያቸውም ጣና ነው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» እንላለን፤ ነገር ግን በቡሄ ሰሞን ጅረት የተሻገረ ሰው ውሃው ገና ጉልበቱ እንዳልበረደ ያውቃል። እንዴት ነው የሚሻገረው? ዱላ እየተከለ፣ ጎንበስ እያለ፣ እግሩን ድንጋይ ሥር እየወሸቀ ነው። እንግዲህ የጅረት እንቁራሪት ብልሃትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መጀመሪያ ውሃውን እንወቀው። ጅረት ሁሉም ቦታ እኩል አይሮጥም። መሐሉና ላዩ ይከንፋል፤ ከወለሉና ከድንጋዩ ጋር የሚተሻሸው ግን ይዘገያል። ቅጠል ጣል አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ሲደርስ ዞር ዞር እያለ እዚያው ይቆያል። እንቁራሪቷ የምትፈልገው ያንን ቦታ ነው።

ሁለተኛው ሰውነቷ ነው። ከእንቁላል የሚወጣውን ጅራታም እጭ ታውቁታላችሁ። የኩሬው እጭ ሆዱ ድብልብል፣ የጅራቱ ክንፍ ሰፊና ስስ ነው፤ ወራጅ ውሃ ቢገባ እንደ ቅጠል ይወሰዳል። የጅረቱ እጭ ግን ሸንቃጣ ነው፤ ጅራቱ ረጅምና ጡንቻማ፣ ክንፉም ዝቅ ያለ። አፉ ወደ ታች የዞረ ነው፤ በረድፍ በተደረደሩ ጥቃቅን ጥርሶቹ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ነገር እየፋቀ ይመገባል። በደቡብ አፍሪካ ተራሮች የአንዳንዶቹ እጭ አፍ ራሱ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፤ በሂማላያና በቻይና ጅረቶች ደግሞ ሆዳቸው ላይ መጣበቂያ ያላቸው እጮች አሉ። ዋግምት ቆዳ ላይ እንዴት እንደሚይዝ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በደጋው ወንዞች ዳር የምትኖር፣ ሳይንስ «አሚኤቲያ» ከሚለው ወገን የሆነች ቡናማ እንቁራሪት አለች። አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ፣ የኋላ እግሮቿ ረጃጅም ናቸው። ኮቴ ስትሰማ ቧ! ብላ ውሃ ውስጥ ትገባለች፤ እንቁላሏን ግን ዳር ላይ፣ ውሃው ረጋ ባለበት ትጥላለች። ሌላዋ «ኮንራዋ ቤካሪ» ትባላለች፤ በ1911 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተዋወቀች፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የምትገኝ ናት። የኋላ እግር ጣቶቿ እስከ ጫፍ በስስ ቆዳ የተያያዙ ስለሆኑ እንደ መቅዘፊያ ያገለግሏታል፤ ቆዳዋም ሙልጭልጭ ነው። «እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» ይባላል፤ የኮንራዋ ዘመድ ግን በካሜሩንና በኢኳቶሪያል ጊኒ ወንዞች ከ3 ኪሎ በላይ ትመዝናለች፤ በዓለም ከእሷ የሚበልጥ እንቁራሪት የለም።

ጅረት አስቸጋሪ ከሆነ ታዲያ ለምን ይመርጡታል? ቀዝቃዛና የሚንፏፏ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ እንቁራሪት ደግሞ በቆዳዋም ትተነፍሳለች። ችግሩ ድምፅ የሚውጠው የውሃው ጩኸት ነው። በቻይና የምትገኝ አንዲት የጅረት እንቁራሪት ለዚህ መላ አላት፤ ከፏፏቴው ድምፅ በላይ የሰላ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ጭምር ታሰማለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህ ሁሉ ጥበብ የቆመው ንጹሕ ድንጋይ ላይ ነው። ተዳፋቱ ያለ እርከን ሲታረስ፣ ወንዙ ዳር እስከ አፋፉ ሲገመስ፣ ክረምት ላይ ውሃው ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ደለሉ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ የእጩ መሸሸጊያ ይጠፋል፣ ምግቡ ይቀበራል፣ እንቁላሉም ይታፈናል። ውሃው መሮጡን አያቆምም፤ መያዣው ግን የለም።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። እርከናችሁን ጠግኑ፤ ከወንዙ አፋፍ ጥቂት እርምጃ ሣርና ቁጥቋጦ ተዉለት። የፀረ ተባይ መርጫ ጅረት ውስጥ አትጠቡ። ልጆች እንቁራሪት ሊያዩ ድንጋይ ቢያነሡ፣ እንደነበረ ይመልሱት። እንቁራሪቷን ለማዳን ብቻ አይደለም፤ ድንጋይዋን የቀበረው አፈር ከእናንተው ማሳ የወረደ ነውና።