አእምሮ በቁና ይሰፈራልን?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ገጠር ስመለስ፣ ታናሽ ወንድሜ ከክፍሉ መጨረሻ ወጥቶ አገኘሁት። «ወንድም ጋሼ፣ የኔ አእምሮ ትንሽ ነው፤ ትምህርቱን ትቼ ከብት ልጠብቅ» አለኝ። ይኸው ልጅ ግን አባታችን በገበያ በርበሬ ሲሸጥ፣ ነጋዴው ወረቀት ሳያወጣ ሒሳቡን በቃሉ ይጨርሳል። ስለዚህ የአእምሮ መለኪያ የሚባለው ምን እንደ ሆነ መረመርሁ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. አልፍሬድ ቢኔ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ከሐኪሙ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር 30 ጥያቄዎች አዘጋጀ። ዐሳቡም ልዩ እርዳታ የሚያሻቸውን ሕፃናት ለይቶ ለማስተማር ነበር። አእምሮ በልምምድ ይሻሻላል ብሎም ጽፏል።

ፈተናው ወደ አሜሪካ ሲሻገር ግን ሌላ መልክ ያዘ። በ1916 ሉዊስ ተርማን የሰውን አእምሮ በአንድ ቁጥር የሚገልጽ ፈተና አወጣ። ከ1917 ጀምሮ 1,700,000 ያህል ወታደሮች በሌላ ተመሳሳይ ፈተና ተመዘኑ። ካርል ብሪገም ከዚህ ውጤት ተነሥቶ በ1923 አንዱ ዘር ከሌላው በአእምሮ ይበልጣል የሚል መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1930 ግን ስሕተቱን ራሱ አመነ። የአገሩን ቋንቋና ልማድ ገና ያላወቀ እንግዳ መልሱን ቢስት ምን ያስደንቃል?

በኛስ አገር? እንደ ዋሸራና እንደ ጎንጅ ባሉት የጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪው የሚመዘነው የሰማውን በመድገም ብቻ አይደለም፤ ከራሱ አዲስ ቅኔ በመቍጠር ነው። ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ሰምና ወርቁን እያዋሐደ ወደ መወድስ ይደርሳል። ቅኔ የከበደው ደግሞ ዜማ ይቀናው ይሆናል። ቋንቋችንም ብልህን፣ አስተዋይንና ባለ እጅን በየስማቸው ይጠራል።

ፈተና ይቅር ማለቴ አይደለም፤ እኔም እፈተናለሁ። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ አእምሮ የላቸውም እንበልን?

ከወንድሜ ጋር ማታ ማታ ማንበብ ጀመርን። ችግሩ ንባብ ነበር፤ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ደወሉ ይደወልበታል። ዛሬ ከብት ጠባቂ ልሁን ማለቱን ትቷል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ዝቅ ያለ ውጤት ስታዩ ልጁ ምን እንደ ጐደለው እንድትጠይቁልን፣ ወላጆችም «ደደብ» የሚለውን ቃል ከቤታችሁ እንድታወጡልን በትሕትና እለምናለሁ።