ሐኪም ለመሆን ረፍዷል ወይ?

እዚህ አሜሪካ በሒሳብ ሥራ የሚተዳደር የ34 ዓመት ወንድማችን «ሐኪም ልሆን አስቤያለሁ፤ ረፍዶብኛል ወይ?» ሲል ጠይቆናል።

መንገዱ አለ። «ፖስት ባክ» ይባላል። ዲግሪ ያለው ሰው ያልተማረውን ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከነላብራቶሪው የሚወስድበት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እንደ ብሪን ማውርና ጎቸር ያሉ ኮሌጆች ፕሮግራማቸውን ያዘጋጁት ሙያ ለሚቀይር ሰው ነው። ሳይንሱን አብዛኛውን የጨረሰ አመልካች አይፈልጉም። ስለዚህ ኮርስ ከመጀመራችሁ በፊት መስፈርቱን አንብቡ። ዲግሪያችሁ የአገር ቤት ከሆነ ደግሞ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአሜሪካ ወይም በካናዳ የተወሰደ ክሬዲት ይጠይቃሉ።

አሁን እንደምር። ለሳይንሱ ሁለት ዓመት፣ ኤምካት ተፈትኖ ማመልከቻው እስኪያልቅ አንድ ዓመት፣ ሕክምናው አራት፣ ሬዚደንሲው ቢያንስ ሦስት። ወንድማችን 44 ዓመት ይሞላዋል። ዕድሜው ግን ቢማርም ባይማርም መቁጠሩን አይተውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በእነዚያ ዓመታት አገር ቤት እናቱ በየወሩ የምትጠብቀውን ማን ይልካል? ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከቤተሰብህ ጋር በግልጽ ተመካከር። ማመልከቻውን ከዚያ በኋላ ክፈተው።