በጣት ላይ የሚነበበው ቁጥር
የደም ኦክሲጅን መለኪያ ከአሊዩ አምባ እስከ ደብረ ብርሃን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አሊዩ አምባ ከአንኮበር ግርጌ፣ ደጋው ወደ ይፋት ቆላ በሚወርድበት አቀበት ላይ የምትገኝ ጥንታዊት የገበያ ከተማ ናት። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴና የሸዋው ደገኛ የሚገናኙት በዚያ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1842፣ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ወደ ሸዋ መጥቶ በዚህችው ከተማ ተቀምጧል፤ ንዳድም ክፉኛ አሠቃይቶታል። ጆንስተን በሙያው የቀዶ ጥገና ሐኪም ቢሆንም፣ የአንድ ሕሙም ደም ምን ያህል ኦክሲጅን እንደያዘ ለማወቅ ከዓይኑ፣ ከእጁና ከጆሮው በቀር ሌላ መሣሪያ አልነበረውም። የከንፈርንና የጥፍርን መጥቆር አይቶ መፍረድ ነው፤ ያ ምልክት በሚታይበት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ብዙውን ጊዜ አልፎበታል።

ዛሬ ያንን የሚሠራው ጣትን የሚቆነጥጥ፣ በኪስ የሚያዝ ዕቃ ነው። ፐልስ ኦክሲሜትር ይባላል። መሠረተ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1974 ለሙያው ዓለም ያቀረበው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ነው። በኢትዮጵያም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክሲጅንንና ይህንኑ መሣሪያ በአገሪቱ ለማስፋፋት ብሔራዊ ዕቅድ አውጥቷል። ዕቅዱ ተገቢ ነው። ነገር ግን መሣሪያውን ማዳረስ አንድ ነገር ሲሆን፣ መሣሪያው የሚናገረውን ቁጥር ማመን ወይም አለማመን ሌላ ነገር ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ሁለተኛው ነው።

በመሠረቱ መሣሪያው ኦክሲጅንን አያይም። የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው። በጣት በኩል 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ብርሃንና 940 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ታኅተ ቀይ ጨረር በየተራ ይልካል፤ በወዲያኛው በኩል ያለው ተቀባይ የተረፈውን ይለካል። ኦክሲጅን ያልያዘ ሄሞግሎቢን ቀዩን አብዝቶ ይውጣል፤ ኦክሲጅን የያዘው ደግሞ ታኅተ ቀዩን። ይሁን እንጂ ብርሃኑን የሚውጠው ደም ብቻ አይደለም፤ ቆዳም፣ አጥንትም፣ የማይንቀሳቀሰው ሥጋ ሁሉ ድርሻ አለው። በልብ ትርታ ልክ ከፍ ዝቅ የሚለው የብርሃን ክፍል ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው 1 ወይም 2 በመቶ ብቻ ነው። መሐንዲሱ ሲግናል ብሎ የሚፈልገው ይህችን ጥቂት ውዝዋዜ ነው። የእያንዳንዱን ቀለም ውዝዋዜ ለማይወዛወዘው ክፍል ያካፍላል፤ ከዚያም የቀዩን ውጤት ለታኅተ ቀዩ ያካፍልና አንድ ሬሾ ያገኛል።

ሬሾው ወደ መቶኛ የሚለወጠው በሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ የተገኘው ከንጹሕ ቀመር ሳይሆን ከሰው ነው፤ ጤናማ ፈቃደኞች ኦክሲጅኑ የተቀነሰ አየር እየተነፈሱ፣ ከደም ቅዳቸው በየጊዜው ደም እየተቀዳ፣ የመሣሪያው ንባብና የላቦራቶሪው ውጤት ጎን ለጎን ተመዝግቧል። ማንም ፈቃደኛ ከ70 በመቶ እጅግ በታች እንዲወርድ አይደረግምና፣ ከዚያ በታች የሚታየው ቁጥር በግምት የተዘረጋ መስመር ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ እጅግ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ይከተላል። ሬሾው 1 ሲሆን መሣሪያው የሚያነበው 85 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ሕፃን ሲንፈራገጥ ወይም በብርድ ሲንቀጠቀጥ፣ የእንቅስቃሴው ረብሻ በሁለቱም ቀለሞች ላይ በእኩል መጠን ይገባል፤ ረብሻው ከልብ ትርታው ከበለጠም ሬሾው ወደ 1 ይሳባል። ስለዚህ ጤነኛው ሕፃን 85 ሊነበብለት ይችላል፤ 70 ላይ የሚገኘው ሕሙምም እንዲሁ 85 ሊነበብለት ይችላል። አንደኛው ያለ አግባብ ያስደነግጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያለ አግባብ ያጽናናል። የማጣሪያ ስሌት ይህን ረብሻ ይቀንሳል፤ መሣሪያውም የበርካታ ሴኮንዶችን አማካይ እየወሰደ ቁጥሩን ያረጋጋል። ግን አማካይ በረዘመ ቁጥር ድንገተኛው መውረድ ይሸፈናል። ስለዚህም በመስኮቱ ላይ የትርታው ሞገድ ተስሎ የማይታይበት፣ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ርካሽ መሣሪያ ለባለሙያው ግማሽ መሣሪያ ነው። ሞገዱ ሥርዓት ያለው ከሆነ ቁጥሩ ይታመናል፤ የተዘበራረቀ ከሆነ ሕፃኑ እስኪረጋጋ መጠበቅ ነው።

በይፋት ቆላ ሌሎችም ረብሻዎች አሉ። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ ሲግናሉን ያጥለቀልቀዋል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ውስብስብ ስሌት ሳይሆን ጣቱን በነጠላ መሸፈን ነው። በአካባቢው ሴቶች ዘንድ የተለመደው ሂናም ጥቁር ሆኖ ሲደምቅ ብርሃኑን ሊጋርድ ስለሚችል ያልተቀባ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ መምረጥ ያስፈልጋል። በአንኮበር ጠዋት የቀዘቀዘ ጣት ደግሞ ደም አይደርሰውምና ትርታው ይጠፋል፤ እጁን ማሸት ይጠቅማል። የመብራት ጉዳይም አለ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ አንዳንድ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ማጣሪያው ለ60 ኸርዝ አገር ብቻ ከታሰበ ይህን ላያጠራው ይችላል።

የቆዳ ቀለም ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያነበበላቸው በላቦራቶሪ ግን ከ88 በመቶ በታች ሆነው የተገኙት ሕሙማን ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ ነበሩ። ይህ የሠንጠረዡ ጉድለት ነው፤ በአመዛኙ ቆዳቸው ነጣ ካሉ ፈቃደኞች የተገኘ ልክ ለሁሉ ይሆናል ተብሎ ተወስዷል።

አሁን ወደ ዳገቱ እንውጣ። አንዲት እናት ሳል ያጣደፈውን የአንድ ዓመት ልጇን አዝላ ከቆላው ወደ አሊዩ አምባ መጣች እንበል። ነርሷ ለካች፤ ሞገዱ ሥርዓት ያለው ነው፤ ቁጥሩ 88 ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,500 ሜትር ድረስ ለሚኖር ሕፃን 90 በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ ኦክሲጅን እንዲሰጠው ያዛል። ስለዚህ ሕፃኑ ኦክሲጅን ያስፈልገዋል። ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይላካል። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያው መመሪያ ከ2,500 ሜትር በላይ ወሰኑ 87 ነው። ያው ሕፃን፣ ያው 88 ይዞ ቢደርስ፣ ታች ሳለ ሕሙም የነበረው ላይ ሲደርስ ከወሰኑ ያመለጠ ይሆናል።

የመመሪያው አስተሳሰብ ስሕተት አይደለም። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። በባሕር ወለል ወደ ሳንባ የሚገባው አየር የኦክሲጅን ግፊት 150 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ሲሆን፣ በሸዋ ሮቢት ከፍታ 127 ያህል፣ በደብረ ብርሃን ደግሞ 104 ያህል ነው። ስለዚህ የደጋው ጤነኛ ሰው ቁጥር ዝቅ ማለቱ ይጠበቃል፤ ወሰኑም አብሮ ዝቅ ብሏል። ጥያቄው፣ የኢትዮጵያ ደገኛ በእርግጥ የተጠበቀውን ያህል ዝቅ ይላል ወይ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በአማራ አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ጤነኞችን ለክተው ያገኙት አማካይ 95.3 በመቶ ነበር። ይህ በቆላ እንደሚኖር ሰው ቁጥር ነው፤ በቲቤት ደጋ ከተለካው ይበልጣል። እንግዲህ የደጋው ጤነኛ 95 ከሆነ፣ በዚያው ከፍታ 88 የተነበበለት ሕሙም ከራሱ ልክ የወረደው መመሪያው ከሚገምተው የበለጠ ሊሆን ይችላል። ይህ ስለ ሕፃናት የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ መለካት ያለበት ግን ነው። ከቆላ የወጣው ሕፃን ደግሞ የደገኛ ልጅ አይደለምና የደገኛው ልክ ለእርሱ አይሠራም። መሣሪያው ሕፃኑ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ በሪፈራል ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት።

ቆላው ሌላ ወጥመድ አለው፤ ወባ። ወባ ደምን ይጨርሳል። ፐልስ ኦክሲሜትር የሚናገረው ካለው ሄሞግሎቢን ስንት በመቶው ኦክሲጅን እንደያዘ እንጂ ሄሞግሎቢኑ ስንት እንደሆነ አይደለም። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን 1.34 ሚሊሊትር ያህል ኦክሲጅን ይሸከማል። በ100 ሚሊሊትር ደሙ ውስጥ 15 ግራም ያለው ሰው 20 ሚሊሊትር ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በወባ 5 ግራም የቀረው ሕፃን የሚይዘው 7 ሚሊሊትር እንኳ አይሞላም፤ መሣሪያው ግን ለሁለቱም 98 ሊል ይችላል። እዚህ ላይ የጆንስተን ዘመን ዓይን፣ የዓይን ቆብን ገልብጦ ንጣቱን የሚያየው፣ ከመሣሪያው ይቀድማል።

የማኅበሩ አባላት በዚህ ረገድ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ሰፊ ገንዘብ አይጠይቅም። በአሊዩ አምባ፣ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ጤነኛ ሕፃናትን በአንድ ዓይነት መሣሪያ ለክቶ የየከፍታውን ልክ ማወቅ ይቻላል። በዚያ ጊዜ ቁጥሩን ብቻ መዝግቦ ማለፍ አይበቃም፤ የሁለቱም ቀለሞች ጥሬ ሞገድ ከነ ጣቱ ሙቀት መቀመጥ አለበት፤ ነገ የተሻለ ስሌት ሲገኝ ተመልሶ የሚሠራው በጥሬው ሞገድ ላይ ነውና። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መሣሪያ ሲገዙም በጨረታ ሰነዱ ላይ ሞገዱን የሚያሳይ፣ ጥሬ መረጃውን የማይደብቅ፣ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ፈቃደኞች የተፈተሸ፣ ለሕፃን ጣት የሚሆን መቆንጠጫ ያለው መሆኑ ይጻፍ። የአዋቂ መቆንጠጫ በሕፃን ጣት ላይ ሲደረግ ብርሃኑ በጎን ያመልጣል። የመቆንጠጫው ገመድ ቶሎ የሚበጠስ ስለሆነም መለዋወጫው ከመሣሪያው ጋር በአንድ ግዢ ይታዘዝ።