ያልተመዘገበ ስርቆት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)







ዛሬ የማነሣው በገጠር ስለሚፈጸም ወንጀልና ስለ ጥናቱ ነው። ወንጀልን የሚመረምሩ ምሁራን ለረጅም ዘመን ያተኮሩት ከተማ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 የታተመው የክሊፎርድ ሾውና የሄንሪ መኬይ ታዋቂ ጥናት ዋና መነሻው የቺካጎ ከተማ ናት። ገጠሩ ግን ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት፣ ሰላም የሰፈነበት ነው እየተባለ ሳይጠና ቆየ።

ይህን አመለካከት የቀየሩት ገበሬውን ራሱን የጠየቁ ተመራማሪዎች ናቸው። በአሜሪካ የኦሃዮው ጆሴፍ ዶነርማየር፣ በአውስትራሊያ ደግሞ ኢሌን ባርክሌይ የከብት፣ የነዳጅና የእርሻ መሣሪያ ስርቆትን መረመሩ። ከተሰረቀው ብዙው ለፖሊስ እንደማይነገር ታወቀ። ከብቱ መቼ እንደጠፋ አይለይም፤ ማስረጃ የለም፤ ተጠርጣሪውም ጎረቤት ሊሆን ይችላል። መተዋወቅ ወንጀልን እንደሚከላከል ሁሉ ሊሸፍነውም ይችላል ማለት ነው።

ጥናቱ አድጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የራሱ ዓለም አቀፍ መጽሔት፣ በ2019 ደግሞ ዓለም አቀፍ ማኅበር ኖሮታል። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ፖሊስም በ2017 የገጠር ወንጀልን የሚከላከል ልዩ ቡድን አቋቁሟል።

ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ሌባ ሲሰወር አገሬውን ሰብስበው አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። ንጹሑንም ከሥራው ቢያስፈታም፣ የአንዱን ጉዳት የሁሉም ጉዳይ ያደርግ ነበር። ዛሬ አንድ በሬ የተሰረቀበት ገበሬ ጥማዱ ይፈርስበታል። የእርሻው ወቅት አይጠብቀውምና መሬቱ ጦም ያድራል፣ ወይም ለእኩል ይሰጣል። ይህ ሁሉ ደርሶበት በየትኛውም መዝገብ ላይ ላይሰፍር ይችላል።

ስለዚህ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር አንድ መዝገብ ይክፈት እላለሁ። ምን ጠፋ? መቼ? የት? ለማን ተነገረ? ምን ውጤት ተገኘ? ወደ መጋዘን የሚገባውን እያንዳንዱን ኩንታል የምንመዘግብ ሰዎች ይህ አይከብደንም። ድምሩንም በየሩብ ዓመቱ ለወረዳው ፖሊስ እናቅርብ።

ለአመራሮቻችንም አንድ አደራ አለኝ። ብዙ ስርቆት ያመለከተ ቀበሌ አይወቀስ። ከተወቀሰ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል፤ ሪፖርቱ ያምራል፣ በሬው ግን አይመለስም።